ጓዳዬን ላስተካከሉልኝ የጸጥታ ኃላፊ

ለተከበሩ የሰፈራችን የጸጥታ ኃላፊ፣
ቡራዩ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ቤተሰቡስ? በጎረቤቴ በገለቴ አፍም፣ በኦሮምኛ፣ «አካም ጅርቱ» ብያለሁ። ፈጣሪ ዕድሜዎን ያርዝምልን፤ እርስዎን የመሰለ ለሰው ዕቃ የሚጨነቅ ሹም ከየት ይገኛል? እኔ ከገበያው በላይ ቬሎ የማከራየው የወይንሐረግ ነኝ፤ በዚህ በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ረብሻ የየሱቁን ኮምፒውተር ለፍተሻ ስትሰበስቡ የኔንም የወሰዳችሁብኝ። በሳምንቱ አቧራው ተወልውሎ ስለተመለሰልኝ እግዜር ይስጥልኝ። ከምስጋናዬ ጋር ግን ጥቂት ቅሬታ አለችኝ።

አንደኛ፣ በየጊዜው ፍለጋ እንዳልደክም ምልክት አድርጌ ያስቀመጥኳቸው ገጾች፣ ልጆቹ ቡክማርክ የሚሏቸው፣ እንደተውኳቸው አልጠበቁኝም። «መዝሙር» ያልኩትን ስነካው የእናንተን ስብሰባ ያሳየኛል። ጭብጨባውን ዜማ ነው ብላችሁ እንደሆነ አላውቅም።

ሁለተኛ፣ «ቬሎ» ያልኩት ጨርሶ የለም። በዚህ ሰሞን ማን ያገባል ብላችሁ ከሆነ እውነታችሁን ነው፤ ሙሽራ የሚሆኑትን ልጆች እናንተ ዘንድ አስቀምጣችኋቸዋል።

ሦስተኛ፣ ኢሜይሌን «ጓዳ» ብዬ ነበር የሰየምኩት፤ ባዳ የማይገባበት ስለሆነ። ስሙን ሳትነኩ ውስጡን ቀየራችሁት። ስከፍተው መልኩ ያው የኢሜይሌ መልክ ነው፤ የይለፍ ቃል ጠየቀኝ፣ እኔም ቤቴ መስሎኝ ጻፍኩለት። በዚያች ጓዳ ገለቴም ከልጇ ከዱርሲቱ ጋር ትጻጻፍ ነበር። ዱርሲቱ ዩኒቨርሲቲው ሲታመስ ሸሽታ ሱሉልታ አክስቷ ቤት መግባቷን የጻፈችው ለእናቷ ብቻ ነው። በማግስቱ ሰዎቻችሁ ያንን በር አንኳኩ፣ ያውም ማንንም መንገድ ሳይጠይቁ፤ ልጅቷንም ይዘው ሄዱ።

ከድሩ የሚባለው ኮምፒውተር ጠጋኝ ገጹን አይቶ አድራሻው የኢሜይሌ እንዳልሆነ፣ የጻፍኩበት ሁሉ ለሌላ ሰው እንደሚደርስ ነገረኝ። ክቡር ሆይ፣ እንግዳ ጓዳዬ ገብቶ የቅመም ዕቃዬን ቢያቀያይር ባለጌ ብዬ አልፈው ነበር። የእናትና የልጅን ደብዳቤ በበረበሩበት እጅ ማታ ልጆችዎን ሲያጎርሱ ግን እርስዎን አይቀፍዎትም? እኔን ቀፈፈኝ። ያንን ኮምፒውተር ስነካ እንኳ እጄን በሳሙና እታጠባለሁ።

የይለፍ ቃሉን እንደ ምርቃት ይያዙት፤ እኔ ሌላ አውጥቻለሁ። ገለቴ ግን ሌላ ዱርሲቱ የላትም። ልጅቷን መልሱልን።

ሳትጠራዎት ጓዳዋ ድረስ የዘለቁባት፣ እንግዳ ግን አይሰደብም ተብላ ያደገች፣ ጤናዎን አብዝታ የምትመኝልዎ አክባሪዎ፣
የወይንሐረግ
ጥር 2008 ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ ገለቴ ለልጇ ምሳ ይዛ በመጣች ቁጥር በሩ ላይ ያለው ዘበኛችሁ «መጀመሪያ አንቺ ቅመሺው» ይላታል፤ እናት የወለደችውን እንዳትመርዝ። እሷም ትጎርሳለች። ጥንቃቄያችሁ ትልቅ ትምህርት ሆኖኛል። ኮምፒውተሬን የመለሳችሁልኝ ዕለት እኔም እዚያው «ጓዳ»ን ከፍቼ፣ የራስዎን ይለፍ ቃል አስጽፌ፣ «መጀመሪያ እርስዎ ይቅመሱት» ማለት ነበረብኝ።