በስሜ የሚያወራው ሰውዬ

ለሩቋ የልጅ ልጄ፣ ለአይጢት፦

እንደምን ከርመሻል? እኔ ጉልበቴ ከሚያሰማው አቤቱታ በቀር ደህና ነኝ።

በቅድሚያ ለመላው ቤተሰብ የሚከተለውን ታላቅ ዜና በክብር አስታውቃለሁ፦ ድመታችን ባርኔጣዬ ውስጥ ወልዳለች። እኔም ባርኔጣዬን በሰላም አስረክቤ፣ ራሰ በራዬን ገልጬ እወጣለሁ።

ሌላው ተራ ወሬ ነው። መታወቂያዬን ፎቶ ኮፒ ቤት፣ ማሽኑ ውስጥ ረሳሁት። ያገኘው ሰው በስሜ የስልክ መስመር አውጥቶ ለዘመድ አዝማድ «ታምሜያለሁ፣ በገንዘብ ድረሱልኝ» የሚል መልእክት ይልካል። በቁጥሩ ደወልኩለት። «ማን ልበል?» ስለው ስሜን ከነአያቴ ነገረኝ። ድምፁ ከእኔ ይሻላል፤ አያስልም!

ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። ተረኛዋ ፖሊስ ወንበር ሰጠችኝ፤ ቃሌን ጻፈች፤ መስመሩም እንዲዘጋ ያኔውኑ ደወለች። «አይዞዎት አባባ፣ ጥፋቱ የሌባው ነው» አለችኝ።

ይልቅ አንቺ ሰሞኑን ስልክ የማታነሺው ምነው? ጓዳሽስ ባዶ አይደለም? እንዲያው ለወሬ ያህል ነው። ብቻ «ውድ የልጅ ልጄ» የሚልሽ ጨዋ አያት ከመጣ እኔ አይደለሁም። እኔ ላንቺ ጨዋ ሆኜ አላውቅም።

ሳልሰናበትሽ አንድ ነገር ልናዘዝ፤ እንደ ልማዴ ፈጠራ ጨምሬበታለሁ። ድመቷ እውነት ናት። ወንበሩም እውነት ነው። ከወንበሩ በኋላ ያለውን ግን፣ እንዲያ በሆነ ብዬ የጨመርኩት እኔ ነኝ። ፖሊሷ ያለችኝ «ገንዘብ ሲወሰድ ይምጡ» ነው።

መስመሩ ዛሬም ይጠራል።

ጤናሽን ይስጥልኝ።

አያትሽ፣ የሚያስለው።