«የመጨረሻዋ» የተባለችው ቅድመ አያታችን

ውድ ሎሪንዳ፣

ንዴቴ ሳይበርድ ነው የምጽፍልሽ። ነጮቹ በቅድመ አያታችን በሃና መቃብር ላይ ባቆሙት ድንጋይ «የመጨረሻዋ የኒፕሙክ ቀይ ሕንድ ነገድ ተወላጅ እዚህ አረፈች» ብለው ቀርጸዋል። ዛሬ መቃብሩን ልናይ ሄደን፣ አስጎብኚው ለጎብኚዎቹ «ዘሯም አብሯት ጠፋ» ሲል አክስቴ ዶርካስ አላስቻላትም።

«እኔ ታዲያ ከሰማይ ዱብ አልኩ?»

ሰውየው ሳቀ። «እማማ፣ እርስዎ እኮ ቀይ ሕንድ አይመስሉም።»

«አንተስ መች የተማረ ሰው ትመስላለህ!»

ከዚያ የሃናን ሰባት ልጆች፣ ቀጥላም የልጅ ልጆቿን በየስማቸው ትጠራ ጀመር። እኛ ሰፈር ሕፃን እንኳ የሚያውቀውን፣ እዚህ ጎብኚዎቹ አፋቸውን ከፍተው ሰሙት። አስጎብኚው «አውቶቡሱ ሊሄድ ነው» ቢልም ማንም አልተነቃነቀም።

የፖስት ካርዱ ቦታ አለቀብኝ። እናትሽን፣ ኢዛያስን፣ መንትዮቹን ሳሚልኝ። የቀራችሁት አትቀየሙኝ፤ ከመብዛታችሁ የተነሳ ካርዱ አልበቃችሁም።

ታቢታ