ሐዋ ምሳ ላይ የጠየቀችኝ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ከሐዋ ጋር ልብስ ፋብሪካው ውስጥ ጎን ለጎን እንሰፋለን። እሷ ሙስሊም፣ እኔ ክርስቲያን ስለሆንን ሥጋ አንጋራም፤ ምሳ አብረን እንድንበላ ሁለታችንም ሽሮ ይዘን እንመጣለን። ስለ ኢየሱስ ከየት እንደምጀምርላት ሳስብ ከርሜያለሁ።

ዛሬ በጣም ርቦኝ፣ ሳልጸልይ ልጎርስ ስል እጄን ያዘችኝ።

«ወላሂ ረሳሽ! ዓይንሽን ሳትጨፍኚ?»

ደነገጥኩ። «እስክጸልይ ትጠብቂኝ ነበር እንዴ?»

«ሁሌም! ግን ምንድነው የምትይው?»

«አመሰግነዋለሁ። ስለ እናትሽ የጉልበት ሕመምም እለምነዋለሁ።»

እጄን ለቀቀችው። «አቦ፣ ዛሬ ጮክ ብለሽ በይው።»

ጮክ ብዬ ጸለይኩ። አሜን ብዬ ዓይኔን ስገልጥ የእሷ ገና እንደተጨፈነ ነው፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል።

ምን እያለች ይሆን? እኔ እኮ አንድም ቀን ጠይቄያት አላውቅም።