ጆሮው ሥር ጠባሳ ያለበት ንጉሥ

ጥቅምት 4
ሁለት ሰው ሠራሽ የፊት ጥርስና አንድ መንጋጋ ሠርቼ ለጥርስ ሐኪሙ ላክኩ። መንጋጋው ረዘመ ብሎ መለሰው። ይመልሰው። በምሳ ሰዓት የኢንተርኔቱን ጨረታ አሸንፌያለሁ... አፍንጫው የተጎመደ ንጉሥ ያለበት የብር ሳንቲም። ሁለት ሺህ ዓመት! ከሰዓት በኋላ አገጬ ከፍ ብሎ ነበር መሰለኝ፣ ባልደረባዬ አንገትህን አሞሃል ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

ጥቅምት 13
መጣ። ባለቤቴ አገላብጣ አየችውና አከራያችንን ይመስላል አለች። አጉሊ መነጽሬን አድርጌ አንድ ሰዓት አየሁት። ጠርዙ ልሙጥ ነው፤ በገዛ እጄ የሠራሁት ይመስል ጣቴ ላይ ተመቸኝ። ጆሮው ሥር ትንሽ ጠባሳ አለች። ለሳንቲም ሰብሳቢዎቹ ግሩፕ ሁለት ገጽ ጻፍኩ፣ ጠባሳዋ ሳንቲሙን ከመሬት ያወጣው ማረሻ የተወው ምልክት ናት ብዬ። ማን ነገረህ? ማረሻው? እዚያ «ዓይናማው» ነው የሚሉኝ። ሲሉኝ ደግሞ እውነት ይመስለኛል።

ጋሼ ደወሉ። ስምንተኛ ክፍል ጂኦግራፊ ያስተማሩኝ፣ ሳንቲም መሰብሰብም ያስጀመሩኝ እሳቸው ናቸው። «አንተ ካልክ አለቀ» አሉ። ከዚያው ሻጭ ሊገዙ ነው።

ጥቅምት 17
ሻጩ የዚያኑ ንጉሥ ሌላ ሳንቲም ለጨረታ አወጣ። ጨረታው እሑድ ይዘጋል። ጋሼ ለመግዣው ብለው የራሳቸውን ሳንቲም ለጨረታ አቅርበዋል... ሟች ባለቤታቸው በተጋቡበት ዓመት የሰጧቸውን፣ የነሐሱን። ማንም ዋጋ እስካልሰጠበት ድረስ ከጨረታው ማንሳት ይቻላል፤ አንድ ሰው ከሰጠ በኋላ ግን አይቻልም። ደንቡ ነው። ደፋር ነዎት ብዬ አበረታታኋቸው። ምን አለበት... የሚሸጠው የኔ አይደል።

ጥቅምት 18
የአዲሱን ንጉሥ ፎቶ አጎላሁት። ጆሮው ሥር ጠባሳ። ያችው ቦታ፣ ያችው ርዝመት። ማረሻው ተመላልሶ ነው? ሳቅኩ። ከዚያ ሳቄ ቆመ።

የጥንት ሳንቲም አንድ በአንድ በመዶሻ ነበር የሚመታው። መልኩ ቢመሳሰል እንኳ ኋላ ያገኘው ጠባሳ አይመሳሰልም። ሐሰተኛ ሳንቲም የሚሠሩ ሰዎች ከአንድ ባለጠባሳ ሳንቲም ላይ የማፍሰሻ ቅርጽ አውጥተው የቀለጠ ብረት እያፈሰሱበት ነው። የኔን አንስቼ ጠርዙን አየሁ። ዙሪያውን የሞረድ ፈለግ አለ። ሁለቱ የቅርጹ ግማሾች የሚገጥሙበትን መስመር በሞረድ አጥፍተውታል፣ ልክ እኔ በየቀኑ ከጥርስ ላይ እንደማጠፋው። ለካ ለዚህ ነው የተመቸኝ። ሃያ ዓመት ብረት አፍስሼ የፈሰሰ ብረት አላወቅኩም... ዓይናማው።

የጋሼን ሳንቲም አየሁ። እስካሁን ዋጋ የሰጠ የለም። ነገ እነግራቸዋለሁ።

ጥቅምት 19
ደወልኩ። ተሸወድኩ ልል አፌን ከፈትኩና... ዋጋው ንሯል፣ ይተዉት አልኩ። ሳቁብኝ። እኔ የመሰከርኩለት ሲወደድ ደስ ይላቸዋል። እኔም ደስ ብሎኛል ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ፈሪ።

ጥቅምት 20
ለባለቤቴ ነገርኳት። ትስቃለች ብዬ ነበር፣ አልሳቀችም። «ለሰው ጥርስ ስትሠራ ሰው ሠራሽ ነው ብለህ አይደል የምትሰጠው? ይሄን ማለት ምን አቃተህ?» ጃኬቴን አንስቼ ወጣሁ።

ጋሼ በረንዳ ላይ ጋዜጣ ያነባሉ። ሁሉንም ተናገርኩ፣ የትናንቱን ውሸት ጨምሮ። ሁለቱን ጠባሳዎች ጎን ለጎን አሳየኋቸው። እንኳን ነገርከኝ አሉ። ያን ንጉሥ እንደማይገዙት ነግረውኝ የራሳቸውን ሳንቲም ሊያነሱ ኮምፒውተራቸውን ከፈቱ። አንድ ሰው ዋጋ ሰጥቶበታል። ዛሬ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ። ትናንት እውነቱን ብናገር ኖሮ... ሰውዬው ይተውልን ብለን ለምነን ጻፍን። ደንብ ደንብ ነው ብሎ መለሰ። እሳቸው አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ጥቅምት 21
የጋሼ ሳንቲም ተሸጠ።

ለግሩፑ ጻፍኩ። አሁን ግን ሦስት መስመር በቃኝ። የኔን ሁለት ገጽ አንብበው የገዙ አራት ሰዎች ፎቶ ላኩ። አራቱም ንጉሥ ጆሮው ሥር ጠባሳ አለው። ማረሻው ሥራ በዝቶበት ነበር። ከዛሬ ጀምሮ ስሜ «ገበሬው» ሆኗል። ባለቤቴ በጣም ወዳዋለች።

ጥቅምት 24
ከጋሼ ጋር ፖስታ ቤት ሄድን። ሳንቲሙን ራሳቸው በጥጥ ጠቀለሉት። ላግዝዎ ብል እምቢ አሉ። ተራችን ሲደርስ ሠራተኛዋ ቅጹን ስባ ውስጡ ምን እንደሆነ ጠየቀች። ሌላ ጊዜ ቢሆን ዘመኑን፣ ንጉሡን፣ የነሐሱን ዓይነት እስክትሰለች የምነግራት እኔ ነበርኩ። ወደ ጋሼ ዞርኩ።

«የባለቤቴ ስጦታ» አሏት ጋሼ።

እንዳሏት ጻፈችው።