የጊኒ ፒጎችሽ ሣርና ድርቆሽ

እህት ዓለም፣

የጊኒ ፒጎችሽ ድርቆሽ አልጋዬ ሥር አለ። ከሣጥናቸው እንዳይጎድል፤ ጥርሳቸውን የሚሞርድላቸው እሱ ነው። በከረጢት ያለውን አረንጓዴ ሣር ግን እፍኝ ብቻ፣ ከድርቆሹ ጋር ቀላቅለሽ ስጪ። አንቺ ሣሩን ለብቻው እየሰጠሽ ስላቀማጠልሻቸው ድርቆሹን ዞር ብለው አያዩትም።

አከራያችን ትናንት፣ "እነዚያን አይጥ መሳይ እንስሶች ያመጣሻቸው አንቺ እንደሆንሽ ጓደኛሽ ነገረችኝ፤ ቤቴን ልቀቂልኝ" አሉኝ።

ራስሽ ትነግሪኛለሽ ብዬ እራት ላይ ጠበቅኩሽ። "ጨው አቀብዪኝ" ብቻ አልሽ።

አቀበልኩሽ።

ቁልፉ ጠረጴዛው ላይ ነው። አከራያችን ክፍሌን ለሰው ሊያሳዩ ሲመጡ የሣሩን ከረጢት እንዳትነኪ። ኮሽ ሲል ጊኒ ፒጎቹ እየጮኹ የሚሮጡት ወደ አንቺ ነው።