ኬና ዘጠኝ ወር ሞላት

ሌንሴ፣ የኔ ዓለም፣

ልጃችን ዛሬ ዘጠኝ ወር ሞላት። አንቺ ከተለየሽን ደግሞ ዘጠኝ ወር ሊሆን ዐሥራ አንድ ቀን ይቀረዋል። ስም ሳናወጣላት ስለሄድሽ ኬና አልናት። ስሙን የመረጡት እናትሽ ናቸው፤ ስጦታ ማለት መሆኑንም ያወቅሁት ከእሳቸው ነው። ቤተ ክርስቲያን ስናቀርባት ፓስተሩ ስሟን ሲጠይቀኝ እሳቸው ቀድመው መለሱልኝ።

እናትሽ አዴ ብርቄ ከቀብርሽ በኋላ ወደ እንጭኒ አልተመለሱም። ከብቶቹን ለወንድምሽ ትተው እዚህ አምቦ ከእኛ ጋር ናቸው። ድሮ አንቺ ነበርሽ የምታስተረጉሚልን። የእሳቸው አማርኛ የገበያ ነው፤ የእኔም ኦሮምኛ ታውቂዋለሽ፣ ከሰላምታ አያልፍም። ደግነቱ ለጡጦና ለሽንት ጨርቅ ብዙ ቋንቋ አያስፈልግም።

የመጀመሪያው ወር እንዴት እንዳለፈ ብዙም ትዝ አይለኝም። በሁለተኛው ወር ፈገግ አለች፤ ለእኔ ሳይሆን ለመጋረጃው። በዚያው ወር ሦስት ቀን አስቀመጣት። መድኃኒት ተሰጥቷት ቆመላት፣ እኔ ግን ፍርሃቱ አልለቀቀኝም።

አሁን የምነግርሽን እስከ ዛሬ ለመጻፍ አፍሬ ነበር። የዱቄት ወተቱ ከብዷት ነው ብዬ አራት ማንኪያ በሚገባበት ውኃ ላይ ሁለት ብቻ ማድረግ ጀመርኩ። ማንንም አልጠየቅሁም። ጠዋት ለማስተማር ከመሄዴ በፊት እኔ አዘጋጃለሁ፤ ለቀኑ ደግሞ አዴ ብርቄን እንዲህ ያድርጉ ብዬ አሳየኋቸው። እሳቸውም እንዳሳየኋቸው አደረጉ።

ሦስት ወር አልፏት ለክትባት አንቺ ትሠሪበት ወደነበረው ጤና ጣቢያ ስንወስዳት ክብደቷ ካለፈው ወር ንቅንቅ አላለም። የመዘነቻት ስንዱ ናት፤ ከአንቺ ጋር በአንድ ክፍል ስንት ልጅ የመዘነችው ስንዱ። ካርዱን አይታ ፊቷ ተለወጠ።

«ወተቱን የሚያዘጋጀው ማነው?»

«ቀን ቀን አያቷ ናቸው» አልኩ።

ውሸት አልነበረም። እውነትም አልነበረም። ስንዱ ወደ እናትሽ ዞራ በኦሮምኛ ተቆጣቻቸው። ቃሉ ባይገባኝም እጇ ገብቶኛል፤ መጀመሪያ ሁለት ጣት፣ ቀጥሎ አራት ጣት አሳየቻቸው። አዴ ብርቄ ልጅቷን አዝለው ወጡ።

ቤት ስንደርስ ኬናን አስተኝተው ልብሳቸውን መሸከፍ ጀመሩ። «የሚያውቅ ሰው ቅጠር» አሉኝ። «እኔ አሮጊት ነኝ። አንተ ያሳየኸኝን ረስቼ ይሆናል። ይቺንም ብገድላት ለሌንሴ ምን እላታለሁ?»

በራሳቸው ላይ ፈርደው ነበር፣ ሌንሴ። እኔ አሳስቻቸው እሳቸው ራሳቸውን ጠረጠሩ።

«አልረሱም» አልኳቸው። «ሁለት ያልኩዎት እኔ ነኝ። እዚያም ዝም ያልኩት እኔ ነኝ።» ቀስ ብዬ፣ በጣቴም ጭምር እያሳየሁ ነገርኳቸው። የያዙትን ጋቢ ጭናቸው ላይ አደረጉ። ይጮኹብኛል ብዬ ጠበቅሁ። «ኢልማ ኮ» አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። «ነገ ሄደህ ለስንዱ ንገራት።»

በማግስቱ ሄጄ ነገርኳት። «ሌንሴ ብትኖር በጥፊ ትልህ ነበር» አለችኝ። ከዚያ ፊቷ አስቁማ ወተቱን ሦስት ጊዜ አስበጠበጠችኝ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ራሷ ቤታችን መጥታ እናትሽን ይቅርታ ጠየቀች።

በአራተኛው ወር ክብደቷ መጨመር ጀመረ። በአምስተኛው ተገላበጠች። በስድስተኛው ትራስ ተደግፋ ተቀመጠች፤ አጥሚቱን ወደደችው፣ ካሮቱን ግን ሸሚዜ ላይ ተፋችው። በሰባተኛው ሁለት የታች ጥርስ አወጣችና የተማሪ ፈተና ሳርም ጣቴን ነከሰችኝ። በስምንተኛው መዳህ ጀመረች፣ ግን ወደ ኋላ ብቻ፤ ወደ እኔ ለመምጣት ስትታገል አልጋ ሥር ገብታ ታለቅሳለች። ወንጪ ሐይቁ ዳር ሆነን እንዲህ ያለውን ነገር ሁሉ አብረን እናያለን ስንባባል ነበር። ፈረስ አልቀመጥም ብለሽ ቁልቁለቱን በእግርሽ የወረድሽ ቀን። ስትወጪ ግን የሰውየውን ፈረስ ለመንሽው።

ዛሬ የኩፍኝ ክትባቷን ወሰደች። ክብደቷ ጥሩ ነው። ባጃጅ ውስጥ እያለቀሰች ከእኔ እጅ ወደ እናትሽ ተንጠራራችና «እማ» አለቻቸው።

አዴ ብርቄ ክው አሉ። እኔን አዩኝ፣ መልሰው እሷን አዩ። «አኮ በዪ» አሏት፤ አያቴ በዪኝ ማለታቸው ነው። «እማ» አለች ደግማ፣ አንገታቸው ሥር ገብታ። እንባቸው መጣ።

«ይተዋት» አልኳቸው። «እማ ትበልዎት።»

«ሌንሴስ?»

«ሌንሴን ለእሷ መንገር የእኔ ሥራ ነው።»

እንደዚያ ብያለሁ፣ የኔ ዓለም። ልረሳሽ ብፈልግ እንኳ የምትጠይቀኝ ልጅ አለችኝ። ስንዱ ካንቺ ጋር የሠራችበትን ጊዜ ከስንዱ፣ እኔ ያላየሁትን ልጅነትሽን ከእናትሽ እየጠየቅሁ በደብተር እጽፍላታለሁ። ቤት ገብተን ኬና ስትተኛ እናትሽ ጀመሩልኝ። አንቺ መጀመሪያ የተናገርሽው ቃል «ቢሻን» ነበር አሉ። ውኃ።

ጻፍኩት።