ከዋኢል ኪስ የወጣው

ረመዳን 1

ፆም ገባ። ቀኑን ሙሉ ቆሜ ልብስ ስተኩስ ዋልኩ። ውሃ በአፍ ይዞ ልብስ ላይ መንፋት የሠላሳ ዓመት ልማዴ ነው፤ በፆም ግን አይሆንም። ሁለት ጊዜ ረስቼ ብርጭቆውን ከንፈሬ አድርሼዋለሁ። አላህ ይቅር ይበለኝ። ከዚያ በእጄ እየረጨሁ ሠራሁ።

ሚስቴ ፊክሪያ ከሞተች አራተኛው ረመዳን። ብቻዬን አፈጠርኩ። ቴምር፣ ፉል፣ አንድ እንቁላል።

ማታ በቢሽር ሻይ ቤት አዲሱ ድራማ ተጀመረ። «የኑህ ቤት» ይባላል፤ እስከ ወሩ መጨረሻ በየቀኑ አንድ ክፍል። ኑህ የፖሊስ መርማሪ ነው። ታናሽ ወንድሙ በንዴት ሰው ገደለ፣ ኑህ ደሙን አጠበለት። በማግስቱ አንድ ምስኪን ፀጉር አስተካካይ በነገሩ ተጠርጥሮ ተያዘ፤ መዝገቡን ደግሞ የሰጡት ለማን? ለኑህ። እዚያ ላይ አቆሙት። ዓሣ ሻጩ ቀርኒ ሻዩን ደፋው። እስከ ነገ ማን ይኖራል አለ።

ለተራዊህ፣ ለሌሊቱ ሶላት፣ ስደርስ ግማሹ ተሰግዶ ነበር። አንድ ቀን ነው... ነገ በጊዜ እሄዳለሁ።

ረመዳን 2

በጊዜ አልሄድኩም።

ረመዳን 3

ራውያ የባሏን ኮት ላከችልኝ፤ ለዒድ ተተኩሶ ይቀመጥ ብላ። ልጄ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት፣ ደረጃ መውጣት ከብዷታል። ከዋኢል ኮት የውስጥ ኪስ የወርቅ አምባር ወጣ። የድሮ ሥራ። ጫፍና ጫፉ የእባብ ራስ፤ የአንደኛው እባብ ዓይን ቀይ ድንጋይ፣ የሌላኛው የወደቀ፣ ጉድጓዱ ብቻ የቀረ።

ደስ አለኝ። ለዒድ ሊሰጣት ነው አልኩ። አላውቀውም እንጂ ይኼ ልጅ ደግ ነው አልኩ።

ከኪስ የወጣ ነገር በጋዜጣ ይጠቀለላል፣ በስፒል ልብሱ ላይ ይሰካል፣ ስለሱ አይወራም። አባቴ ካውያ ሲያስይዘኝ መጀመሪያ ያስተማረኝ ይህንን ነው። ከሰው ኪስ ስንቱን አየሁ... የሰው ሚስት ደብዳቤ፣ የፍቺ ወረቀት። ጠቅልዬ ሰካሁት። ማታ ዋኢል ራሱ መጥቶ ኮቱን ወሰደ። ለራውያም አልነገርኳት፣ ስጦታው ይበላሻል ብዬ።

ረመዳን 5

መምህርት ኢንሻራህ ከእህቷ ቤት ስትመለስ ቁም ሣጥኗ ተሰብሮ አገኘችው። ወርቋ የለም። በሩ አልተሰበረም። ቁልፍ ያለው ዘበኛው ረስላን ብቻ ነው ይላሉ።

የራውያ ቤት በዚያው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ነው። ልጄ ደንግጣለች።

ረመዳን 6

ረስላንን ወሰዱት። ከነጀለቢያው፣ ጫማ እንኳ ሳያደርግ። ሚስቱ ነጃት ደጃፉ ላይ ቆማ ታያለች፤ አልጮኸችም። ከደቡብ ገጠር የመጡ ናቸው፤ ቀርኒ «የሰዒድ ሰው ዝም ሲል ነው የሚያስፈራው» አለ። ረስላን እኮ አሥራ አንድ ዓመት የሕንፃውን ደረጃ የጠረገ ሰው ነው።

ረመዳን 7

መምህርት ኢንሻራህ ቀሚሷን ልትወስድ መጣች። ቁጭ ብላ የጠፋባትን ሁሉ ነገረችኝ። የአንገት ሐብል፣ ሁለት ቀለበት... ከእናቷ የወረሰችው አምባር። «ሁለት ራስ እባብ ነው አቡ ራውያ። የአንዱ ዓይን ገና ልጅ ሳለሁ ነው የወደቀው፣ ስጫወትበት።»

ካውያውን ከልብሱ ላይ አላነሳሁትም። ሽታው ነው የቀሰቀሰኝ። የሰው ሸሚዝ አቃጠልኩ። በሠላሳ ዓመት ሦስተኛዬ።

ረመዳን 8

ምናልባት ሌላ አምባር ይሆናል። ሁለት ራስ እባብ ስንቱ ቤት አለ። ዓይኑ የወደቀ ግን...

ረመዳን 9

ሻይ ቤቱ ለሁለት ተከፍሏል። ቢሽር ኑህ መያዝ አለበት ይላል። ቀርኒና የቀሩት ከኑህ ጋር ናቸው። ተዋናዩ ደግሞ መልከ መልካም ነው፣ እንባው ዓይኑ ላይ ይቆምና አይወርድም፤ ሰው እንዴት ይጥላው?

ዋኢልም መጥቶ ነበር። ወንበሩን ከእኔ አጠገብ አደረገ፣ ሻይ አዘዘልኝ። ቢሽር ፀጉር አስተካካዩ ምን አጠፋ ብሎ ሲከራከር ዋኢል ሳቅ ብሎ እንዲህ አለ፦

«ኑህ ወንድ ነው። ቤቱን የማይሸፍን ምን ወንድ ነው?»

ሁሉም አጨበጨበለት። እኔም እጄ ተነስቶ ነበር። ከግማሽ መልሼ ጉልበቴ ላይ አደረግኩት።

ረመዳን 10

ተራዊህ ላይ ቆምኩ እንጂ አልሰገድኩም። ኢማሙ የቀራውን አንድ ቃል አላስታውስም።

ረመዳን 13

ራውያ ቤት አፈጠርኩ። የተሞላ ዶሮ ሠራች፣ እናቷ እንደምታደርገው ቀረፋ ጨምራበት። ያልተወለደውን ልጅ ስም እያወጡ ይሳሳቃሉ።

ዋኢል ሊሸኘኝ ሲወርድ ሁለተኛው ፎቅ ላይ፣ የመምህርቷ በር ፊት፣ ቆምኩ። ከኪስህ የወጣው አምባር የማን እንደሆነ አውቄያለሁ አልኩት። የሚክደኝ መስሎኝ ነበር፤ አልካደም። ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። ይሠራበት የነበረው የስልክ ሱቅ ከተዘጋ አምስት ወር ሆኖታል። ለራውያ አልነገራትም። ጠዋት ጠዋት ሥራ የሚሄድ መስሎ ይወጣና ባሕር ዳር ይውላል። የመምህርቷን ቁልፍ ከረስላን ሣጥን ላይ ያነሳው ሰውየው የአስርን ሶላት ሊሰግድ ሲሄድ ነው፤ መልሶም አስቀመጠው። ወርቁን የሸጠው ከእስክንድርያ ውጭ ነው አለ።

ረስላንስ? አልኩት።

«ይለቁታል። ምን ማስረጃ አላቸው? ድሃ ነው፣ ምን ያደርጉታል? እኔ ከገባሁ ግን ልጁ አባቱን ሳያይ ይወለዳል። ራውያን አስባት አባቴ።»

ከዚህ በፊት አባቴ ብሎኝ አያውቅም።

ረመዳን 14

ይለቁታል ይሆናል። ለምን አይለቁትም?

ረመዳን 16

ከዙሁር ሶላት በኋላ የመስጊዳችንን ሼህ ሙርሲን ለብቻቸው አገኘኋቸው። ምን ብዬ ጠየቅኩ? የቤተሰቡን ጥፋት አይቶ ዝም የሚል ሰው፣ ሌላው በእሱ ፈንታ እየታሰረ፣ ሁክሙ፣ የሃይማኖቱ ፍርድ፣ ምንድን ነው?

ሳቁ። «አንተንም ለከፈህ አቡ ራውያ? ዛሬ ስለ ኑህ የጠየቀኝ አምስተኛው ሰው ነህ። ትናንት ሴቶቹ ሳይቀሩ ወረቀት ጽፈው ላኩብኝ።» ከዚያ ግን ኮስተር ብለው በራሳችሁና በዘመዶቻችሁ ላይም ቢሆን መስክሩ የሚለውን፣ ሁላችን የምናውቀውን የቁርኣን አንቀጽ ቀሩልኝ። ድራማ ስለሆነ እንጂ፣ አሉ፣ እንዲህ ያለ ሰው እንቅልፍ አይወስደውም፣ ሰጋጅ ከሆነማ።

ስለ ድራማው ነው አላልኩም። አይደለምም አላልኩም። እጃቸውን ስሜ ወጣሁ። ያ ምን ይባላል? ውሸት ነው፣ አይደለም?

ረመዳን 17

አምስት ሰዓት ሙሉ ተኝቻለሁ። እንቅልፍ ይወስደኛል። ይኼ ነው ያስፈራኝ።

ረመዳን 20

ለምስኪኖች በየመንገዱ ከሚዘረጋው የማፍጠሪያ ማዕድ ነጃትን አየኋት። ከሴቶቹ ጫፍ ተቀምጣለች። የኛ ሰፈር ማዕድ አይደለም፣ ሦስት መንገድ አልፋ ነው የሄደችው። የኛ ሰው ፊት መብላት ከብዷት ይሆናል። አየችኝ፣ ራሷን ዝቅ አድርጋ ሰላም አለችኝ። ዓይኔን ቀድሜ ከእሷ ላይ ያነሳሁት እኔ ነበርኩ።

ረመዳን 23

ዛሬ የፀጉር አስተካካዩ እናት ኑህ ቢሮ መጣች። ምንም አልለመነችም። የልጇን የክረምት ካልሲ አምጥታ ይድረስልኝ አለች። ኑህ ካልሲውን ተቀበለ፣ መሳቢያው ውስጥ አስገባ፣ ዘጋው። በቃ።

ሻይ ቤቱ ተገለበጠ። ያ ሲያጨበጭብ የነበረው ሁሉ! ቀርኒ ቆሞ ቴሌቪዥኑን ሰደበው። «ተናገር አንተ ውሻ! እናት ያለችው ያንተ ወንድም ብቻ ነው?» ቢሽር ያለቅሳል። ሁሉም ተናገር፣ ተናገር ይላል፤ መሐል ላይ የአንዱ ድምፅ ከሁሉም ይጎላል። የኔው ነበር። ቆሜያለሁ፣ ጣቴን ወደ ኑህ ቀስሬያለሁ።

ማስታወቂያ ሲገባ ቁጭ አልኩ። ቀርኒ ጀርባዬን መታ መታ አድርጎ «ዝምተኛው ተቆጣ» ብሎ አሳቀብኝ።

ዋኢል ዛሬ አልመጣም።

ረመዳን 24

ልብስ አልተኮስኩም። የራውያን የሕፃንነት ፎቶ አወጣሁ፣ መለስኩ። ፊክሪያ ብትኖር ምን ትለኝ ነበር? እውነቱን ልጻፍ፤ ዝም በል ትለኝ ነበር። ለልጇ ስትል እሳት ትገባ ነበር። ስለዚህ እሷን መጠየቅ ተውኩ።

ረመዳን 25

ጠዋት ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። ሁለት ሰዓት አስጠበቁኝ። የሚጽፈው ልጅ አምባሩን ባወቅክ ቀን ለምን አልመጣህም አለኝ። ፈራሁ አልኩ። እንዴት እንደሚጻፍ ጠፍቶት አየኝ። በኋላ «ምስክሩ ፈርቶ ነበር» ብሎ ጻፈ። ፈረምኩ።

ስመለስ ራውያን ቀድሜ መንገር ነበረብኝ። ደረጃው ሥር ደርሼ ተመለስኩ። ፈሪ እስከ መጨረሻው ፈሪ ነው።

ረመዳን 26

ዋኢልን ማፍጠሪያ ሰዓት ላይ ወሰዱት። ሾርባው ገበታ ላይ ነበር አሉ።

ራውያ እያለከለከች ደረሰች፣ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ። ወንበር ሰጠኋት፣ አልተቀመጠችም። የማውቀው ልቅሶዋን ነው፣ ዛሬ ግን አላለቀሰችም።

«ለኔ መንገር አቃተህ? አንድ ቃል... እኔ ራሴ እወስደው ነበር እኮ። በእግሩ ሄዶ ይሰጥ ነበር። አንተ ግን ሌባ አድርገህ ከገበታ አስነሳኸው።»

እውነቷን ነው። ይህን አላሰብኩትም። ዝም ማለትንና መናገርን ብቻ ነበር የማውቀው። ልጄን አልጠየቅኳትም። ትወድቃለች ብዬ ነበር፤ የቆመችው እሷ፣ የወደቅኩት እኔ።

ነገ ደማንሁር ከተማ አማቷ ጋ ትሄዳለች። እዚያ እወልዳለሁ አለች።

ረመዳን 28

ለዒድ ሰው በሚጋፋበት ሳምንት ሦስት ልብስ ብቻ መጣ። የቀርኒ ሚስት ያልተተኮሰ ልብሷን መልሳ ወሰደች። ባሌ ነው፣ አለች፣ መሬት እያየች። የሰውን ኪስ ለፖሊስ ለሚያወራ ተኳሽ ልብስ አይሰጥም ብሏል።

ረመዳን 29

የመጨረሻው ክፍል። ቤት ልቀር ነበር፤ ቢሽር ራሱ ጠራኝ። ያለሁበት ጠረጴዛ ሌላ ሰው አልተቀመጠም።

ኑህ ሳይናገር ቀረ። ፀጉር አስተካካዩ እስር ቤት ሞተ። ኑህና ወንድሙ ለዒድ አዲስ ልብስ ለብሰው አብረው ሲሰግዱ አለቀ። ሻይ ቤቱ ጸጥ ብሎ፣ ከዚያ ፈነዳ። በዒድ ዋዜማ እንዲህ ይደረጋል? ይኼን የጻፈው ሰው ልብ የለውም? ቀርኒ እንደ ሕፃን እያለቀሰ ኑህን ረገመው፤ አንድ ሰው፣ አንድ ሰው ብቻ እውነት የሚናገር በአገሩ ጠፋ አለ።

ቢሽር ብርጭቆ እየሰበሰበ ወደኔ አየ። «አንድ ሰውማ እዚህ ተቀምጧል ቀርኒ።»

ቀርኒ ፊቱን ጠረገ። «እሱ ሌላ ነው» አለ። «እሱ የልጁን ቤት ነው ያፈረሰው።»



ሸዋል 1

ዒድ። ራውያ ጋ ደወልኩ። አማቷ አንስታ ተኝታለች አለችኝ። ከኋላ የልጄ ድምፅ ይሰማል።

ሸዋል 3

ረስላንን ለቀቁት። ሰፈሩ ሰላምታ ሊሰጠው ወረደ፤ ጣፋጭ ኩናፋ ያመጣም አለ። እኔ ከሱቄ አልወጣሁም።

ሸዋል 5

ነጃት የረስላንን ጀለቢያ ይዛ መጣች። ነገ ጠዋት በባቡር ወደ አገራቸው ወደ ሰዒድ ይመለሳሉ፤ ሰውየው ለዘመድ ተጨማድዶ መታየት የለበትም አለች። ክፍያ አልፈልግም አልኳት። እንዳልሰማች አለፈችው። አልሄደችም።

«አቡ ራውያ፣ ያወቅከው በስንተኛው ቀን ነው?»

ከዋሸሁ ማን ያውቅብኛል? ማንም። በሰባተኛው አልኩ።

ጣቷን እያጠፈች ቆጠረች። አልተቆጣችም። «የመቱት በሃያ አንደኛው ነው» አለች። «በጥፊ ነው፣ ደጋግመው። የግራ ጆሮው ከዚያ ወዲህ አይሰማም።» በር ላይ ስትደርስ ዞር አለች። «ልብሱን ሊወስድ ራሱ ይመጣል። ስታናግረው በቀኙ በኩል ቁም።»

ሦስት ሳምንት ያህል ስመዝን የነበረው ራውያን፣ ዋኢልን፣ ያልተወለደውን ልጅ፣ የራሴን ነፍስ ነው። ረስላንን ሚዛኑ ላይ አላስቀመጥኩትም። እሱ እንደ በር ሁሌ እዚያው የሚቆም ነገር ሆኖብኝ ነው?

ከአስር ሶላት በኋላ መጣ። ከስቷል። ቀና ብሎ የተሰቀለውን ልብስ ያያል፣ የራሱን ይፈልጋል። ቀኑን ሁሉ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ። ከጠረጴዛው ወጥቼ አጠገቡ ቆምኩና «ረስላን፣ አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ» አልኩት። ልብስ ማየቱን ቀጠለ። የቆምኩት በግራው በኩል ነው።

ዞሬ በቀኙ ቆምኩ። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርኩ።